መደርደሪያው ላይ 230፣ ካሸሯ ጋ 264 ከ50፦ የሱፐርማርኬት ዋጋ ሲምታታ ምን እናድርግ?

ካዛንቺስ በነበረ አንድ ሱፐርማርኬት ሁለት ዓመት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰፈሩ ፈርሷል፣ መደብሩም አብሮ ሄዷል፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ያህል ይሉኝታ የትም አላየሁም። ደንበኛው ዋጋው እንደተሳሳተ ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ግን ከኋላው ስድስት ሰው ቆሟል። አንዷ ልጅ አዝላለች። "ለ30 ብር ብሎ ሰልፉን አቆመው" እንዳይባል ይከፍላል። ውጭ ወጥቶ ደረሰኙን ያያል፣ ይናደዳል፣ ታክሲ ይሳፈራል።

እኔስ? ከዚያ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ያው ሆንኩ። አንድ ቀን አራት ኪሎ አካባቢ 230 ብር የሚል ወረቀት ሥር የነበረ የሻይ ቅጠል አነሳሁ። ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተደምሮ ከፈልኩ። በር ላይ ደረሰኙን ሳይ ሻይ ቅጠሉ 264 ብር ከ50 ገብቷል። ቁጥሩን ሳየው ሳቄ መጣ። 230 ላይ 15 በመቶ ስትጨምሩበት ልክ 264 ከ50 ይሆናል። ዋጋውን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ሰው፣ ቫት ያለበትን ዋጋ ቫት እንደሌለበት አድርጎ መዝግቦታል። ማሽኑ ደግሞ የታዘዘውን አደረገ፤ ቫት ጨመረበት።

የዚያን የሻይ ቅጠል መጨረሻ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ከሁለቱም በኩል ቆሜ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

በአንድ ሱቅ ሁለት ዋጋ

ብዙ ሰው "ሆን ብለው ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ቀላል ነው። በሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ሌላው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው ነው። ካሸሯ ባርኮዱን ስታስነብብ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። እሷ መደርደሪያውን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ ከተቀመጠችበት አይታያትም እንኳ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ እዚያው ሱቅ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ነበር። ቢሮ ያለው ሰው ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ይቀይራል። ወረቀቱን የሚቀይረው ልጅ ደግሞ ከመኪና ዕቃ እያወረደ ነው። እሱ ወረቀቱ ጋ እስኪደርስ 40 ሰው በአሮጌው ዋጋ አንስቶ በአዲሱ ከፍሏል። ከነዚያ ውስጥ የጠየቁት በጣት ይቆጠራሉ።

ሌሎቹ የስህተት መነሻዎች ደግሞ እነዚህ ናቸው። አንድ ደንበኛ ሐሳቡን ቀይሮ የ400 ግራሙን የወተት ዱቄት የ900 ግራሙ ቦታ ላይ ጥሎት ይሄዳል። የዋጋ ቅናሹ ያለፈው እሑድ አልቋል፣ ቀዩ ወረቀት ግን አልተነሳም። አትክልት ባርኮድ ስለሌለው ካሸሯ ኮድ በቃሏ ትጽፋለች፣ አንድ ቁጥር ስትስት ድንቹ አቮካዶ ሆኖ ይወጣል። አንድ ፓስታ ሁለቴ ይነበባል። ስድስት ውሃ ለመምታት 6 የተጫነው ጣት 66 ይሆናል። ይሄኛው ግን ጠቅላላ ድምሩ ስለሚያስደነግጥ ማንም አያልፈውም። ኪስ የሚጎዳው ሳያስደነግጥ የሚያልፈው የ20 እና የ30 ብር ስህተት ነው።

አንደኛ፦ መደርደሪያው ጋ

ዋጋውን ብቻ አትዩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ስም፣ ግራሙን ወይም ሚሊ ሊትሩን እጃችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የዘይት መደርደሪያ ላይ የ3 ሊትርና የ5 ሊትር ወረቀቶች ጎን ለጎን ተለጥፈው ስንት ሰው እንዳጣሉ እኔ ነኝ የማውቀው። ወረቀቱ ላይ የባርኮድ ቁጥር ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ። ዕቃው ላይ ካሉት 13 ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት ወይም አምስት ብቻ ማስተያየት ይበቃል። ከገጠሙ ወረቀቱ የዚያ ዕቃ ነው፤ ክርክር አይኖርም።

ቅናሽ የሚል ወረቀት ካለ እስከ መቼ እንደሆነ አንብቡ። ለእንቁጣጣሽ የተለጠፈ ቅናሽ መስቀል ካለፈ በኋላ ተሰቅሎ ይገኛል። "ሁለት ለገዛ" የሚልም አለ፤ አንድ ብቻ ይዛችሁ ሄዳችሁ "ተሸወድኩ" ማለት አያዋጣም።

ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ከሆነ ወረቀቱን ከነዕቃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አንዳንድ ቦታ ጥበቃው "ፎቶ ክልክል ነው" ይላል። አትጨቃጨቁ። እዚያ የቆመውን ሠራተኛ ጠርታችሁ "ወንድሜ፣ ይሄ ዋጋ የዚህ ነው አይደል?" ብላችሁ ጠይቁት። አሁን ምስክር አላችሁ።

ወረቀት ጨርሶ የሌለው ዕቃስ? ይህ የሱቁ ጥፋት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያስገድዳል። "ካሸር ጋ ሲደርሱ ያዩታል" የሚለው መልስ አይሠራም። ጠይቁ፣ ካልነገሯችሁ ተዉት።

ሁለተኛ፦ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር

አይብ፣ ሥጋ፣ ለውዝ፣ አትክልት። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ብዙ ብር በዝምታ የሚሄደው እዚህ ነው።

የሚመዝነው ልጅ ስቲከር አትሞ ይለጥፋል። ስቲከሩ ላይ የኪሎ ዋጋ፣ ክብደትና ጠቅላላ ዋጋ አለ። ኪሎው 850 ብር ተብሎ የተለጠፈ አይብ 340 ግራም ከሆነ 289 ብር ነው። ስልካችሁ ላይ 850ን በ0.34 አባዙ፤ አለቀ። ጠቅላላው ካልገጠመ ስቲከሩ ላይ የገባው የኪሎ ዋጋ የሌላ አይብ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት የዕቃው ማስቀመጫ ነው። ሚዛኑ ላይ የፕላስቲክ ሳህኑ ወይም ወፍራሙ ዕቃ አብሮ ሲመዘን በአይብ ዋጋ ፕላስቲክ ገዛችሁ። ባዶ ዕቃው መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። "ዜሮ አድርገህልኛል?" ማለት ነውር አይደለም።

ለማወቅ ያህል፦ ሱቁ ራሱ የሚያትማቸው የሚዛን ባርኮዶች ብዙውን ጊዜ በ2 ይጀምራሉ፤ ክብደቱ ወይም ዋጋው ራሱ ከቁጥሮቹ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስቲከሩ ከተሳሳተ ካሸሯ ምንም ልታደርግ አትችልም። ወደ ሚዛኑ ተመልሶ አዲስ ማሳተም ነው።

ሦስተኛ፦ ካሸሯ ፊት፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ተናገሩ።

ምክንያቱ የካሽ ሬጅስተሩ ነው። አገራችን ውስጥ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀም ግዴታ የሆነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ነው። ማሽኑ ደረሰኝ ከቆረጠ ሽያጩ ለታክስ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ካሸሯ እንደፈለገች አጥፍታ ልትጽፈው አትችልም። ኃላፊ ይጠራል፣ የመጀመሪያው ደረሰኝ ይያዛል፣ ተመላሽ ተብሎ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ደረሰኙ ከመቆረጡ በፊት ግን አንድ መስመር ማስወጣት የደቂቃ ሥራ ነው። አንዳንድ ሱቅ ለዚህም የኃላፊ ካርድ ወይም ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ቀላል ነው።

እንዲህ አድርጉ። ዋጋው ያጠራጠራችሁን ዕቃ ለመጨረሻ አስቀሩት፤ ሲነበብ ማየት እንዲመቻችሁ። ወደ እናንተ የዞረ ስክሪን ካለ ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ። ስልክ አታውሩ። ከረጢት መሙላቱን ለጥቂት ደቂቃ ለሌላ ሰው ተዉት። ቁጥሩ ሲለይ ወዲያው በሉ፦

"እህቴ፣ ይሄ መደርደሪያው ላይ 230 ነው የሚለው። ከመምታትሽ በፊት አንዴ ታይልኝ?"

ይኸው ነው። "ሌቦች!" የለም። "ሁሌ እንዲህ ናችሁ" የለም። ካሸሯ ዋጋ አላወጣችም። ብዙ ቦታ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለውን ከደሞዟ የምትከፍለው እሷ ናት፤ እኔም ከፍያለሁ። ስለዚህ በራሷ ሥልጣን ቀንሺ ብትሏት እንቢ ትላለች፤ ደግሞም ልክ ናት። የሚያስፈልጋችሁ እሷ ሳትሆን ሱፐርቫይዘሩ ነው። "ኃላፊ ጥሪልኝ" ከተባለች ሸክሙ ከእሷ ላይ ይወርዳል። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ደስ ይላታል።

ሰልፉ ቢያጉረመርምስ? ዞር ብላችሁ "ይቅርታ፣ ዋጋ እያየን ነው፣ የእናንተም ዕቃ ሊሆን ይችላል" በሉ። እኔ እንዳየሁት ከኋላ ያለው ሰው ግማሹ ወዲያው የራሱን ቅርጫት ማየት ይጀምራል። የገና ዋዜማ ከሆነ ግን ይህንን አልመክርም። ዕቃውን ወደ ጎን አስቀምጡና ሌላውን ከፍላችሁ ኃላፊውን ለብቻ አናግሩ።

ኃላፊው ሲመጣ መደርደሪያው ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ወረቀቱ ከዓይኑ ሥር ሲሆን ነገሩ ባጭሩ ያልቃል።

አራተኛ፦ ደረሰኙን ማንበብ

"ደረሰኝ ይቁረጡልኝ" ማለት ለመንግሥት ብቻ አይደለም። ያው አዋጅ 813ም ነጋዴው ለሸጠው ነገር ወዲያውኑ ደረሰኝ መስጠት አለበት ይላል። ከዚህ በታች ላለው ሁሉ መሣሪያችሁ እሱ ነው።

ከላይ የሱቁ ስምና የቲን ቁጥር አለ። ቀጥሎ ቀንና ሰዓት፣ ኤፍኤስ የሚል የደረሰኝ ቁጥር፣ ከዚያ ዕቃዎቹ፣ ከዚያ ድምር፣ 15 በመቶ ታክስ፣ ጠቅላላ። ከታች የማሽኑ ቁጥር።

ሰው የሚምታታበት እዚህ ነው። ብዙ ማሽኖች በየዕቃው መስመር ላይ የሚያወጡት ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ ነው፤ ቫቱን ከታች ባንድ ላይ ይጨምሩታል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ 230 ያያችሁት ዕቃ ደረሰኙ ላይ 200 ብቻ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቅናሽ አይደለም፤ አትደሰቱ። 200 ላይ 30 ብር ቫት ሲጨመር 230 ይመጣል። ለማጣራት የመደርደሪያውን ዋጋ በ1.15 አካፍሉ። መስመሩ ላይ ያለው ቁጥር ከመልሱ ጋር ከገጠመ ሰላም ነው። መስመሩ ላይ 230 ካለና ከታች እንደገና ቫት ከተጨመረበት፣ እንደኔ ሻይ ቅጠል ሁለት ጊዜ ተቆጥሮባችኋል። ግን አስታውሱ፣ ቫት የሌለባቸው ዕቃዎችም አሉ፤ እነሱ ለብቻ ይደመራሉ፣ መካፈልም የለባቸውም።

የማሽኑ ወረቀት ሙቀትና ፀሐይ አይወድም። መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ፎቶ አንሱት።

መልስ ላይም እንዲሁ ቁጠሩ፣ እዚያው ቆማችሁ። "ዝርዝር የለም" ተብሎ ማስቲካ ሲሰጣችሁ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ማስቲካ ልገዛ አልመጣሁም ማለት ይቻላል። በቴሌብር ስትከፍሉ ይህ ጣጣ ይቀራል። ጠቅላላውን እስከ ሳንቲሙ መክፈል ትችላላችሁ፣ መልእክቱም ማስረጃ ሆኖ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። ብቻ መጠኑን ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ዜሮዎቹን ሁለቴ እዩ።

አምስተኛ፦ ከፍላችሁ ከወጣችሁ በኋላ

የዚያኑ ቀን ብትመለሱ ይሻላል። ነገ ወረቀቱ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል፤ በክፋት ሳይሆን ሥራቸው ስለሆነ። ዕቃውን ሳትከፍቱ፣ ከነደረሰኙ፣ ፎቶ ካላችሁ ከነፎቶው ይዛችሁ ሂዱ። ካሸሯ ጋ አትሰለፉ። ቀጥታ ኃላፊውን ጠይቁ።

ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም" የሚል ጽሑፍ ይጠቁሟችኋል። መልሱ አጭር ነው፦ "ዕቃውን አልመለስኩም። የበለጠውን ብር ነው የጠየቅኩት።" ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2164 ላይ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ ይችላል ይላል። ማስታወቂያ ሕግ አይሽርም። ዕቃው ራሱ ጉድለት ካለበትም ያ ጽሑፍ አያድናቸውም። አዋጅ 813 በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል።

ግን ማን ነው ትክክል?

እስካሁን ስለ ዘዴው ነበር። አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ላይ ሁለት ሕጎች ትንሽ ይጋጫሉ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ሰው አንዱን ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ሸማቹ የሚይዘው አዋጅ 813ን ነው። አዋጁ ለነጋዴ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ወይም በሱቁ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መሸጥ ነው። ግልጽ ነው። 230 ለጥፎ በ264 ከ50 መሸጥ አይቻልም። "ዋጋ ጨምሯል፣ ወረቀቱ አልተቀየረም" ሰበብ እንጂ መልስ አይደለም። ወረቀቱን መቀየር የማን ሥራ ነው?

ባለሱቁ የሚይዘው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ነው። አንቀጽ 1687 ላይ የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ወይም ዕቃን ለሕዝብ ዘርግቶ ማሳየት ብቻውን የውል ማቅረቢያ አይደለም ይላል። ማለትም ወረቀቱን አይታችሁ ዕቃውን ስታነሱ ውል አልተፈጸመም። ውሉ የሚፈጸመው ሁለታችሁም በዋጋው ስትስማሙ፣ ካሸሯ ጋ ነው። "እኔ ስላነሳሁት የኔ ነው፣ በዚህ ዋጋ ልትሰጡኝ ግድ ነው" የሚለው ክርክር በውል ሕግ በኩል ብዙ አይራመድም።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናስታርቃቸው? በእኔ አረዳድ እንዲህ ነው። ሱቁ ስህተቱን ካሸር ጋ ካወቀ ሁለት መንገድ አለው። በተለጠፈው ዋጋ ይሽጥላችሁ፤ ወይም ስህተት መሆኑን ነግሮ ወረቀቱን እዚያው ያንሳና በትክክለኛው ዋጋ መግዛት አለመግዛቱን ለእናንተ ይተው። የማይችለው ወረቀቱ ተሰቅሎ እያለ ዝም ብሎ በበለጠ ዋጋ መምታት ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን፣ ለምሳሌ 1,290 የሆነው ዘይት 1,150 ተብሎ ተለጥፎ ሲገኝ፣ በተለጠፈው እንዲሸጥላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ማንም ሰው አምኖ የሚያነሳው ዋጋ ነው። አብዛኛው ኃላፊም ይስማማል። 1,290 የሆነው ዘይት 129 ተብሎ ሲለጠፍ ግን ሌላ ነው። አንድ ዜሮ እንደጎደለ ልጅም ያውቃል። ሕጉ የተሳሳተ ሰው ስህተቱ ዋነኛ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ደግሞም በስህተት ስም ከቅን ልቦና ውጭ መሄድን ይከለክላል፤ ይሄኛው ለሱቁም ለገዢውም ነው። አሥር ጀሪካን ጋሪ ላይ ጭኖ "ሕግ ነው!" የሚለውን ሰው እኔ ካሸር ሆኜ አይቼዋለሁ። ደግሞ የሚገርመው በጣም ትሑት ሰው ነበር፤ እስከዚያች ቀን።

ካናዳ ያለች የአክስቴ ልጅ "እዚህ ካሸር ጋ ዋጋው ከበለጠ ዕቃውን በነፃ ነው የሚሰጡሽ" ብላኝ ታውቃለች። እውነቷን ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። እዚያ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደብሮች በፈቃዳቸው የሚገቡበት ደንብ አለ፤ ዋጋው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ዕቃ በስህተት በልጦ ከተነበበ በነፃ ይሰጣል። የፈረሙት መደብሮች ደንብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ይዛችሁ ብትከራከሩ ጥበቃው ነው የሚስቅባችሁ።

ስድስተኛ፦ ኃላፊው እንቢ ካለ

አትጩኹ፣ ግን ዝም ብላችሁም አትሂዱ። ሦስት ነገር ያዙ፦ ደረሰኙን፣ የወረቀቱን ፎቶ፣ የኃላፊውን መልስ በራሳችሁ አጻጻፍ ከነሰዓቱ። ስድብ ወይም ማስፈራሪያ ካለ እሱንም ጻፉት፤ አዋጁ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ አለበት ብሎ በግልጽ ጽፏል። ዕቃ አይቶ፣ ዋጋ ጠይቆ አለመግዛትም መብት ነው።

ከዚያ ሱቁ ያለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የእናንተ መኖሪያ ወረዳ አይደለም፤ የሱቁ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ከሆነ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናችሁ፤ ካዛንቺስ ከሆነ ቂርቆስ። የወረዳውን ቁጥር ካላወቃችሁ የሱቁን የንግድ ፈቃድ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ካሸሩ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በወረዳው ካልተፈታ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያ የከተማው ንግድ ቢሮ። ድሮ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ስለዚህ በድሮው ስም አድራሻ ፍለጋ አትዙሩ።

አቤቱታው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ቀን፣ የሱቁ ስምና ቲን ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የተለጠፈው ዋጋ፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ልዩነቱ፣ ምን እንደምትፈልጉ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ማኅተም አስመቱ። ስለ ኑሮ ውድነት አንድ አንቀጽ መጨመር ያምራችኋል፤ ተዉት።

ለ20 ብር ይህ ሁሉ ዋጋ አለው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የታክሲው ይበልጣል። እኔ ለአንድ ጊዜ ስህተት ወረዳ አልሄድም። አንድ ሱቅ በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲደግመው ግን ሦስት ደረሰኝ አጠራቅሜ እሄዳለሁ። ሦስት ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ "ተሳስተን ነው" ለማለት ይከብዳል።

ስህተቱ ለእናንተ ሲያደላ

ካሸሯ አንድ ዕቃ ዘልላ አለፈች። ወይም የ100 ብር መልስ 200 ሰጠቻችሁ። ያው አንቀጽ 2164 ወደ እናንተ ይዞራል፤ ሱቁም ያለአግባብ የከፈለውን ማስመለስ ይችላል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ደረሰኝና ከረጢት ሲያስተያይ ያልተመዘገበ ዕቃ ቢያገኝ ደግሞ ነገሩ ስህተት ነው ብላችሁ ማስረዳት አለባችሁ፤ ሰው ፊት ይህ ደስ አይልም። የመልሱ ብር ማታ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነግሬያችኋለሁ።

አንድ ጊዜ 500 ብር አብልጬ የሰጠኋቸው እናት ከሜክሲኮ ድረስ ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ ስትቆጥሪ አየሁሽ፣ ደክሞሻል" አሉኝ። ለታክሲ ልስጥዎት ብል እንቢ አሉ።

ለባለሱቆች ትንሽ

ዋጋ ኮምፒውተር ላይ ከመቀየሩ በፊት ወረቀቱ ይታተም። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ቀይሩ። ሲቀንስ ተገላቢጦሽ። እንዲህ ከሆነ በመሀል ላይ የሚያልፍ ደንበኛ ቢያንስ ከተለጠፈው በላይ አይከፍልም። ለካሸሯ ደግሞ እስከ ተወሰነ ብር ድረስ ራሷ እንድታስተካክል ሥልጣን ስጧት፤ 50 ብር ለማረም ኃላፊ ከምድር ቤት ሲጠራ ከዚያ በላይ የሚገዛ ደንበኛ ሰልፉን ጥሎ ይወጣል።

ወደ ሻይ ቅጠሌ። በማግስቱ ደረሰኙን ይዤ ተመለስኩ። ወረቀቱ ገና እዚያው ነበር። ኃላፊው አየ፣ ስልኩ ላይ አካፈለ፣ "አይ፣ ልክ ነሽ እህቴ" አለ። ያ ሻይ ቅጠል ከመጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ ስጠይቀው አልመለሰልኝም፤ ልጁን ጠርቶ ዋጋውን አስተካክል አለው። የኔ ተመላሽ 34 ብር ከ50 ነበር። 34 ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። ለ50 ሳንቲሟ ዝርዝር አልነበረም፤ አንድ ማስቲካ አወጣ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ወሰድኳት።